ስለ ብርሃን አሳላፊ ተለጣፊ ሥዕሎች አሠራር
(የሞጆ ደረቅ ወደብን በቪዲዮ ጌም ካርታ ለማሳየት)

ከጅቡቲ ወደ መሐል አገር ከሚገባው የኮንቴይነር ዕቃ ብዙው ክፍል የሚራገፈው ከአዲስ አበባ 70 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሞጆ ደረቅ ወደብ ነው። ይህን ስፍራ በቪዲዮ ጌም ካርታ ውስጥ ለመሥራት የተነሣ ተማሪ ኮንቴይነሩን መሥራት እንደማያስቸግረው በቶሎ ይረዳል፤ ኮንቴይነር ስድስት ገጽ ያለው ሣጥን ነውና። የሚያስቸግረው በሣጥኑ ላይ የተጻፈው ጽሑፍ ነው።

በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት 6346ኛ ደረጃ መሠረት በእያንዳንዱ ኮንቴይነር ላይ 4 የላቲን ፊደላት፣ 6 አኃዞችና 1 ማረጋገጫ አኃዝ ይጻፋሉ፤ ቁመታቸውም ከ100 ሚሊ ሜትር ማነስ የለበትም። የባለ 20 ጫማው ኮንቴይነር ርዝመት 6 ሜትር ከ6 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። እንግዲህ የጎኑን ግድግዳ በሙሉ 1024 ፒክስል ርዝመት ባለው አንድ ሥዕል ብንሸፍነው፣ አንዱ ፒክስል 6 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚይዝ ለፊደሉ ቁመት የሚደርሰው 17 ፒክስል ብቻ ይሆናል። ተጫዋቹ ወደ ግድግዳው ቀረብ ሲል የሚያየው የደበዘዘ ነጠብጣብ እንጂ ቁጥር አይደለም። ከዚህም በላይ የአንዱ ኮንቴይነር ቁጥር ከሌላው ስለሚለይ ለእያንዳንዱ የራሱ ሥዕል ያስፈልገዋል። 1024 በ1024 የሆነ ሥዕል ሳይታመቅ 4 ሜጋባይት ይወስዳል፤ 100 ኮንቴይነር ቢደረደር 400 ሜጋባይት ሆነ ማለት ነው። ብዙዎቻችን የምንሠራባቸው ኮምፒዩተሮች ይህን ሸክም አይችሉትም።

ስለዚህ ግድግዳው ለብቻ፣ ጽሑፉም ለብቻ ይሠራል። ጌም ሠሪዎች ይህን ተለጣፊ ጽሑፍ «ዲካል» ይሉታል፤ በታክሲ መስተዋት ላይ እንደምናየው ስቲከር ያለ ነው። 512 በ512 ፒክስል የሆነ አንድ ገጽ በ64 ፒክስል ቤቶች ቢከፈል 64 ቤት ይወጣዋል። 26ቱ ፊደላትና 10ሩ አኃዞች በ36ቱ ቤቶች ይገባሉ፤ የቀሩት 28 ቤቶች ለልዩ ልዩ ምልክቶች ይተርፋሉ። ገጹ በሙሉ የሚወስደው 1 ሜጋባይት ሲሆን በቀዩም፣ በሰማያዊውም፣ በአረንጓዴውም ኮንቴይነር ላይ ያገለግላል።

ለዚህ አገልግሎት የሚያበቃው ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ቀጥሎ በእያንዳንዱ ፒክስል ላይ የሚመዘገበው አራተኛ ቁጥር ነው። አልፋ ይባላል፤ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ኤድ ካትመልና አልቪ ሬይ ስሚዝ በኒው ዮርክ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያወጡት ሐሳብ ነው። አልፋ 0 ሲሆን ግድግዳው ብቻ ይታያል፤ 255 ሲሆን ፊደሉ ብቻ፤ በመካከል ሲሆን ሁለቱ በመጠናቸው ይደባለቃሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ በጥብቅ ሊያስተውለው የሚገባ ነገር አለ። አልፋው 0 የሆነ ፒክስል አይታይም እንጂ ቀለም የለውም ማለት አይደለም። ጥቁር ፊደል በነጭ ገጽ ላይ ተጽፎ ነጩ በአልፋ ብቻ ቢሰወር፣ ነጩ ቀለም ከሥር አለ። ኮምፒዩተሩም ሥዕሉን ሲያሳንስ ወይም ሲያጎላ ጎረቤታም ፒክስሎችን ስለሚያማክል፣ ያ የተሰወረው ነጭ ወደ ፊደሉ ጠርዝ ይገባና በቀይ ኮንቴይነር ላይ ነጭ ክፈፍ ሆኖ ይወጣል። ብዙዎች ይህን የአልፋው ጥፋት አድርገው ጠርዙን ደጋግመው ይልጉታል፤ ድካሙ ግን ከንቱ ነው። መድኃኒቱ የፊደሉን ቀለም ከፊደሉ ወሰን አልፎ በማይታየው ክፍል ሁሉ መዘርጋትና ቅርጹን ለአልፋው ብቻ መተው ነው። ሁለተኛው መንገድ ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ በ1984 (እ.ኤ.አ.) ያስረዱት ነው፤ ይኸውም ቀለሙን አስቀድሞ በአልፋው አባዝቶ ማስቀመጥ ነው። ያን ጊዜ የማይታየው ፒክስል ዜሮ ስለሚሆን ለጎረቤቱ የሚያቀብለው ቀለም አይኖረውም።

የአማርኛ ጽሑፍ ሲሆን ነገሩ ከመልክ ማማርና መበላሸት ያልፋል። ከባድ መኪና በሌለበት የሞጆ ካርታ ሙሉ አይደለም፤ የመኪናውም ኋላ ያለ አማርኛ ጽሑፍ አያምርበትም። አንዳንድ የጌም ሞተሮች ሥራ ለማቃለል አልፋው ከግማሽ በታች የሆነውን ፒክስል ጨርሰው ይጥሉታል። በዚህ ዘዴ የላቲን ፊደል ከሩቅ ቢሸራረፍም ብዙ ጊዜ ይነበባል። የእኛ ፊደል ግን ድምፁን የሚለውጠው በትንሽ ቅጥያ ነው፤ የ«ቡ» ቅጥያ ሥዕሉ ሲያንስ ከግማሽ በታች ወርዶ ቢቈረጥ «በ» ሆኖ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ፊደሉ መሸራረፉ ብቻ ሳይሆን ንባቡም ተለወጠ። ስለዚህ ለአማርኛ ጽሑፍ የሚደባለቀውን አልፋ መምረጥ፣ ለሩቅ እይታ በሚያገለግሉት ትንንሽ ቅጂዎችም ላይ ቅጥያውን በእጅ ማወፈር ይገባል። ክሪስ ግሪን የተባለው የቫልቭ ኩባንያ ባለሙያ በ2007 (እ.ኤ.አ.) ያቀረበው ዘዴ በአልፋው ውስጥ ፒክስሉ ከፊደሉ ጠርዝ ያለውን ርቀት የሚመዘግብ ነው፤ ፊደሉ ሲጎላ ጠርዙን ጥርት አድርጎ ያቆያል። የማዕዘኖቹን ሹልነት ግን ስለሚያለዝብ ለግዕዝ ፊደል ሳይመረመር መወሰድ የለበትም።

ዝገትና ጥላሸት ሌላ ነገር ናቸው። እነዚህ ግድግዳውን አይሸፍኑትም፤ ያጠቁሩታል እንጂ። በቫልቭ «ሶርስ» ሞተር ለዚህ የተለየ ስልት አለ፤ የተለጣፊው ቀለም በግድግዳው ቀለም ይባዛል፤ መካከለኛው ግራጫ ምንም አይለውጥም፤ ከእርሱ የጠቈረው ያጨልማል፤ የነጣው ያበራል። ነጭ ቁጥር በዚህ ስልት በጥቁር ቀይ ግድግዳ ላይ አይወጣም፤ ጥላሸትም በተራው አልፋ ቢለጠፍ ጨርቅ የተጣፈ ይመስላል።

ተለጣፊው ከግድግዳው ጋር በፍጹም አንድ ስፍራ ላይ ቢቀመጥ ኮምፒዩተሩ የትኛው ከፊት እንደሆነ ስለሚያምታታው ጽሑፉ ይብለጨለጫል። በጥቂቱ ወደ ፊት ማውጣት ይበቃል።

በመጨረሻም ስለ ቁጥሩ። ማረጋገጫው አኃዝ የሚገኘው ለፊደላቱ የተወሰነ ዋጋ ሰጥቶ፣ ከግራ ወደ ቀኝ በ1፣ በ2፣ በ4 እያለ እስከ 512 በማባዛት፣ ድምሩንም ለ11 በማካፈል ነው፤ ቀሪው የሚፈለገው አኃዝ ነው፤ 10 ከሆነ 0 ይጻፋል። ለምሳሌ ሲ፣ ኤስ፣ ኪው፣ ዩ በሚሉት ፊደላትና በ305438 ቁጥር ድምሩ 6185 ይሆናል፤ ቀሪው 3 ነው። እንዲሁ በግምት የተጻፈ ቁጥር በወደቡ የሚሠራ ሰው ካርታውን ቢጫወት ሊያውቀው ይችላል፤ ሒሳቡ ግን ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም።