በደም ሕዋስ ላይ የሚነበብ ምልክት

ከጅቡቲ ከተማ ክፍሎች አንዷ በሆነችው በቡላኦስ ከአገራችን ወጥተው የተቀመጡ ቤተ ሰቦች ይገኛሉ። በቅርቡ ለሥራ ጉዳይ ወደዚያ በሔድን ጊዜ፥ ከድሬዳዋ የመጡ አንዲት እናት ቡና አፍልተው ሲጋብዙን የስድስት ዓመት ልጃቸውን ከምንጣፍ ላይ ተኝቶ አየነው። ትኵሳቱ ሲመላለስበት በመጀመሪያ ወባ ነው ተብሎ መድኃኒቱን ጨረሰ፤ ኋላ ግን ድዱ ነጣ፥ ሳይመታ ሰውነቱ በለዘ፥ ሌሊትም እግሬን ይቈረጥመኛል እያለ ያለቅስ ጀመር። ሐኪሙ ደሙን በማይክሮስኮፕ ተመልክቶ የደም ካንሰር፥ ማለት ሉኪሚያ፥ ሳይሆን አይቀርም ካለ በኋላ፥ የሕዋሱ ምልክት ይታወቅ ዘንድ ሲዲ 3፥ ሲዲ 10፥ ሲዲ 19 ብሎ በወረቀት ጻፈላቸው።

እናቲቱ ከበሽታው ስም ይልቅ ያስደነገጣቸው ይህ ወረቀት ነበር። «እስቲ እናንተ የተማራችሁ አንብቡልኝ፤ ሲዲ ማለት የኤች አይ ቪ አይደለምን?» አሉን።

ጥርጣሬያቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2005 የኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል ከጀመረ ወዲህ ሲዲ ፎር የሚለውን ቃል ያልሰማ ጥቂት ነው። ነገር ግን ሲዲ የበሽታ ስም አይደለም። የዐፋርና የሶማሌ ግመል አርቢ በሚተኵሰው ምልክት ግመሉ የየትኛው ጎሣ እንደ ሆነ እንደሚታወቅ ሁሉ፥ ነጭ የደም ሕዋስም ወገኑንና ዕድሜውን የሚያስታውቁ የፕሮቲን ምልክቶች በላዩ አሉት። ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1982 በፓሪስ ተሰብስበው ለእነዚህ ምልክቶች ሲዲ የሚል የጋራ ስምና ተራ ቍጥር ሰጧቸው። አራተኛው ቍጥር በኤች አይ ቪ ምክንያት ዝነኛ ሆነ እንጂ፥ ወንድሞቹ ብዙ ናቸው።

ቀድሞ ይህን ለመለየት የነበረው ዘዴ የሚያስገርም ነው። የበግ ቀይ ደም ከሰው ነጭ ሕዋስ ጋራ ሲቀላቀል፥ ቲ በሚባለው ወገን ዙሪያ እንደ አበባ ተጣብቆ ይታይ ነበር፤ የበጉን ደም የሚይዘው ምልክት ኋላ ሲዲ 2 ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1975 ኮኽለርና ሚልስታይን የተባሉ ሊቃውንት አንድን ምልክት ብቻ ለይቶ የሚይዝ ጸረ አካል በአይጥ ሕዋስ አማካይነት ማምረት ቻሉ፤ ለዚህም እ.ኤ.አ. በ1984 ከየርነ ጋራ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ዛሬ ጸረ አካሉ በሚያበራ ቀለም ተነክሮ ከደሙ ጋራ ይቀላቀላል፤ ሕዋሳቱም አንድ በአንድ በሌዘር ብርሃን ፊት ሲያልፉ መሣሪያው ይቈጥራቸዋል። አንዳንዱ የሲዲ ፎር መቍጠሪያ ግን ለዚያ ብቻ የተሠራ ስለ ሆነ፥ ለሉኪሚያ አይበቃም።

«ታዲያ ምልክቱ ልጄ ይድናል ወይስ አይድንም ይላልን?» ብለው ጠየቁን። እንዲህ ያለውን ፍርድ አይሰጥም። ሲዲ 19 በሽታው ከቢ ወገን፥ ሲዲ 3 ደግሞ ከቲ ወገን መነሣቱን ያመለክታሉ፤ የቲው ቀድሞ እጅግ ይፈራ ነበር፥ መድኃኒቱ ከበረታ ወዲህ ግን ተስፋው ጨምሯል። ከሲዲ 19 ጋራ ሲዲ 10 መገኘቱ በዚህ ልጅ ዕድሜ አብዛኛውን ጊዜ መልካም ወሬ ነው፤ ዓመት ባልሞላው ሕፃን ሲታጣ ግን ብዙ ጊዜ የብርቱ በሽታ ምልክት ይሆናል። ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር የሚመጣው ከመጀመሪያው ወር ሕክምና በኋላ ነው፤ ከ10,000 የመቅኔ ሕዋሳት መካከል አንድ እንኳ ሕመምተኛ ሕዋስ ካልተገኘ ተስፋው ታላቅ ነው። በበለጸጉ አገሮች ይህ በሽታ ከያዛቸው ልጆች ከ100ው 90 ያህሉ አምስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራሉ። ሲዲ 19ን ራሱን ዒላማ ያደረጉ መድኃኒቶችም እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ወጥተዋል፤ ዋጋቸው ግን የሚነገር አይደለም።

የቀረው ችግር የቡላኦስ ሙቀት ነው። ምልክቱ የሚነበበው በሕይወት ባለ ሕዋስ ላይ ስለ ሆነ፥ ደሙ ከተቀዳ በኋላ በአንድ ቀን፥ ቢዘገይ በሁለት ቀን ውስጥ ከመሣሪያው መድረስ አለበት፤ በረዶ ሊሆን አይገባም፥ ሊሞቅም አይገባም። መጽሐፉ «በክፍል ሙቀት ይቀመጥ» ይላል፤ ጸሓፊው በሐምሌ ወር በቡላኦስ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም ማለት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ብልቃጡን ወደ ሩቅ አገር ከመላክ ልጁን ራሱን መላክ ይሻላል ብሎ መክሯል።

በማግሥቱ ለስንብት ብንመለስ እናቲቱ ወረቀቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው፥ ወደ አዲስ አበባ ለመሔድ የልጁን ልብስ ያጥፉ ነበር።