ለሙዚቃ፣ ለቴአትርና ለውዝዋዜ ተማሪዎች በውጭ አገር ስለሚገኝ ነጻ የትምህርት ዕድልና ስለ ወጪው አከፋፈል

መግቢያ

በምዕራብ ወሎ ደጋ፣ ማለት በቦረና፣ በሳይንት፣ በለጋምቦ፣ በተንታና በመቅደላ፣ ዜማ የማይሰማበት ቀዬ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። አራት ከሚባሉት የሙዚቃችን ዋና ዋና ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ስማቸውን ያገኙት ከወሎ ምድር ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ አገር ተነሥቶ በሙዚቃ፣ በቴአትር ወይም በውዝዋዜ ከፍተኛ ትምህርት ለመከታተል ወደ ባሕር ማዶ መሄድ የሚያስብ ተማሪ ሁሉ «ገንዘቡ ከየት ይመጣል?» የሚል ጥያቄ ይገጥመዋል። በመካነ ሰላምም ሆነ በሌላ ስፍራ ያሉ ጓደኞቻችን ይህን ጥያቄ ደጋግመው ሲያነሡ እንሰማለን።

በዚህ ጽሑፍ ልናስረዳ የምንፈልገው፣ ጥያቄው «ማን ይከፍላል?» በሚለው ብቻ መቆም እንደሌለበት ነው። የሚከፍለው ወገን ምን ፈልጎ ይከፍላል? ምንስ ሳይከፍል ይተዋል? ተብሎም ሊጠየቅ ይገባል። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው በችሎታው ማነስ ሳይሆን እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች አስቀድሞ ባለመጠየቁ ነው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሀ፤ በአገራችን የዜማ ተማሪ እንዴት ይኖር እንደ ነበር

የጥበብ ተማሪን በብዙ ሰው እጅ ማኖር ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ድጓ፣ ዝማሬና አቋቋም የሚማር የቆሎ ተማሪ ብዙ ዓመት ከቤቱ ርቆ ይቀመጣል። ለየኔታ የትምህርት ክፍያ አይከፍልም፤ አኩፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከየደጁ በሚያገኘው ቁራሽ ይኖራል። በወሎ የእስልምና ትምህርት ስፍራዎችም ደረሳው የሚኖረው በአካባቢው ሕዝብ ምጽዋትና ድጋፍ ነው።

ከዚህ ልማድ አንድ ቁም ነገር እናገኛለን። የትምህርቱ ዋጋና የኑሮው ዋጋ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን መምህሩ በነጻ ይሰጣል፤ ሁለተኛውን ሕዝቡ በጥቂት በጥቂቱ ይሸፍናል። ይህን ልዩነት የያዘ ተማሪ የባሕር ማዶውን የነጻ ትምህርት ማስታወቂያ በቀላሉ ይረዳዋል፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ «ነጻ» የሚባለው የትምህርቱ ዋጋ ብቻ ሆኖ ኑሮው ሳይከፈል ይቀራልና ነው።

ለ፤ ከፋዩ ወሳኝ ስለ መሆኑ

ከዚሁ ከመቅደላ አምባ በ1868 የተወሰደው ልዑል ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ለዚህ የመጀመሪያው ምስክር ነው። ልዑሉ የጥበብ ተማሪ አልነበረም፤ በፈቃዱም አልሄደም። ነገር ግን የመኖሪያውንና የትምህርቱን ወጪ የቻለው የእንግሊዝ መንግሥት ግምጃ ቤት ስለ ነበረ፣ ከማን ጋር እንዲኖርና በየትኛው ትምህርት ቤት እንዲገባ የወሰነው ያው ከፋዩ ነበር። በራግቢና በሳንድኸርስት ተምሮ በ1879 በ18 ዓመቱ በሊድስ ከተማ ሞተ።

በሙዚቃ ረገድ የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ታሪክ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። በ1923 በአዲስ አበባ ተወልደው፣ በ6 ዓመታቸው ወደ ስዊስ አገር ተልከው ሙዚቃ ጀመሩ፤ በኋላም በካይሮ ከአሌክሳንደር ኮንትሮቪች ዘንድ ተማሩ። በለንደን ትምህርታቸውን የሚቀጥሉበትን ዕድል ካገኙ በኋላ ግን የመሄጃ ፈቃድ ተከለከሉ። ከዚያ በኋላ ዓለምን ትተው ከመቅደላ ብዙም በማይርቀው በግሸን ማርያም ገዳም አሥር ዓመት ያህል በባዶ እግራቸው ተቀመጡ። ዕድል ማግኘትና ለመሄድ መቻል የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ አይገኝም።

ሙላቱ አስታጥቄ ደግሞ ወደ ዌልስ የተላከው ቤተ ሰቡ መሐንዲስ እንዲሆን አስቦለት ነው። እርሱ ግን ዝንባሌው ወደ ሙዚቃ መሆኑን ተረድቶ ወደ ለንደኑ ትሪኒቲ የሙዚቃ ኮሌጅ፣ ከዚያም በቦስተን ወደሚገኘው በርክሊ ገባ። በርክሊም በ2012 የክብር ዶክተርነት ሰጥቶታል። ለመሐንዲስነት የተቆረጠ ወጪ ለሙዚቃ መዋሉ ቤተ ሰብ በሚከፍልበት ጊዜ ይቻል ይሆናል፤ መንግሥት ወይም ድርጅት ሲከፍል ግን የትምህርት ዓይነት መለወጥ ዕድሉን ሊያሳጣ ይችላል።

የፒያኖ ባለሙያው ግርማ ይፍራሸዋ የጀመረው በክራር ነበር። ከያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በኋላ በነጻ የትምህርት ዕድል ወደ ሶፊያ ሄደ። የቡልጋሪያ መንግሥት ሥርዓት ሲለወጥ ግን ትምህርቱ ተቋረጠ፤ ወደ ኢጣሊያም ሄደ። በዚያ ያገኘው አንድ የሃይማኖት ማኅበር ረድቶት ወደ ሶፊያ ተመልሶ ትምህርቱን ፈጸመ። በአንድ ከፋይ ላይ ብቻ የተመሠረተ ዕድል ከፋዩ በወደቀ ጊዜ አብሮ ይወድቃል ማለት ነው።

ሐ፤ ዛሬ ክፍት የሆኑት በሮች

የመጀመሪያው በር በመንግሥታት መካከል የሚደረግ ስምምነት ነው። ተዋንያኑ ደበበ እሸቱና ወጋየሁ ንጋቱ በቡዳፔስት የቴአትር ጥበብ የተማሩት በቀድሞው ዘመን በዚሁ መንገድ ነው። ሃንጋሪ ከ2013 ጀምሮ «ስቲፔንዲየም ሁንጋሪኩም» የሚባል ዕድል ትሰጣለች፤ ኢትዮጵያም ከተስማሙት አገሮች አንዷ ናት። ይህ ዕድል የትምህርቱን ዋጋ፣ የወር አበልን፣ የመኖሪያ ድጋፍንና የሕክምና ዋስትናን ይሸፍናል፤ የአውሮፕላን ትኬት ግን አይሸፍንም። አመልካቹ በሃንጋሪው በኩል ከማመልከቱ ሌላ በላኪው አገር መንግሥት መታጨት አለበት፤ አንዱን ብቻ የፈጸመ ሌላውን እንዳልፈጸመ ይቆጠራል።

የእንግሊዙ ቺቭኒንግ ለአንድ ዓመት የማስተርስ ትምህርት የሚሰጥ ሲሆን ጥበብን አይከለክልም፤ የአውሮፕላኑንም ወጪ ይችላል። ነገር ግን የሁለት ዓመት፣ ማለት የ2,800 ሰዓት፣ የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ተማሪውም ሲፈጽም ወደ አገሩ ተመልሶ ቢያንስ ሁለት ዓመት እንዲቀመጥ ያስገድዳል። የጀርመኑ ዳአድ ለሙዚቃና ለመድረክ ጥበብ የተለዩ ክፍሎች አሉት፤ እነዚህም የመጀመሪያ ዲግሪ ለጨረሱ ናቸው። የኮመንዌልዝ ዕድሎችን የሚመለከት ማስታወቂያ ያየ ተማሪ ግን አገራችን የዚያ ማኅበር አባል አለመሆኗን አስቦ ጊዜውን ይቆጥብ።

ሁለተኛው በር የትምህርት ቤቶቹ የራሳቸው ሀብት ነው። በፊላዴልፊያ የሚገኘው የከርቲስ የሙዚቃ ተቋም ከ1928 ጀምሮ ከተቀበላቸው ተማሪዎች የትምህርት ዋጋ አይጠይቅም። የዬል ዩኒቨርሲቲ የሙዚቃ ትምህርት ቤት በ2005 በተሰጠው 100 ሚሊዮን ዶላር፣ የድራማ ትምህርት ቤቱም በ2021 በተሰጠው 150 ሚሊዮን ዶላር እንዲሁ ነጻ ሆነዋል። እነዚህ የሚቀበሉት ጥቂት ሰው ነው፤ ዜግነትን ሳይሆን ችሎታን ይመዝናሉ። በጀርመን የመንግሥት የሙዚቃ ትምህርት ቤቶችም ክፍያ ባብዛኛው የለም፤ ባደን ቩርተምበርግ ግን ከ2017 ጀምሮ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጡትን በየመንፈቁ 1,500 ዩሮ ታስከፍላለች።

ሦስተኛው በር ከሁሉ ያነሰ የሚታወቀው፣ ለእኛ አገር ልጅ ግን ምናልባት የተሻለው ነው። በአውሮፓ ስልት የሚያስተምሩ ትምህርት ቤቶች የሚፈትኑት በፒያኖ፣ በቫዮሊንና በመሰል መሣሪያዎች ነው። መሰንቆ የሚመታ ወይም ዋሽንት የሚነፋ ልጅ በእነርሱ የፈተና ዝርዝር ውስጥ ስፍራ የለውም። የሕዝቦችን ሙዚቃ በሚያጠናው በኢትኖሙዚኮሎጂ ክፍል ግን ያ ዕውቀት ሀብት ነው። በአሜሪካ ታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች የዶክተርነት ተማሪ ብዙ ጊዜ በረዳት መምህርነት እየሠራ የትምህርቱ ዋጋ ይቀርለታል፤ አበልም ያገኛል። የያሬድ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዲሬክተር አሸናፊ ከበደ በ1962 ከኢስትማን የሙዚቃ ትምህርት ቤት ተመርቆ፣ በ1971 በዌስሊያን ዩኒቨርሲቲ ዶክተር የሆነው ስለ ኢትዮጵያ ሙዚቃ ባቀረበው ጥናት ነው።

መ፤ ሳይከፈል ስለሚቀረው ወጪ

ዕድሉ ከመገኘቱ በፊት የሚወጣውን ገንዘብ ማንም አይመልስም። ፓስፖርት ማውጣት፣ የትምህርት ማስረጃን ማረጋገጥ፣ የቋንቋ ፈተና መፈተን፣ የማመልከቻና የቪዛ ክፍያ መክፈል ግድ ነው። ኤምባሲዎቹ በአዲስ አበባ ስለሆኑ የመካነ ሰላም ተማሪ በዚህ ላይ የመንገድና የማደሪያ ወጪ ይጨመርበታል። ብዙ ትምህርት ቤቶች አስቀድሞ የተቀረጸ የአጨዋወት ፊልም ስለሚጠይቁ ጸጥ ያለ ክፍልና ደኅና የድምፅ መቅረጫ ያስፈልጋል።

ከዚህም የሚከብድ አለ። ትምህርቱ በነጻ በሚሰጥበት አገር እንኳ ተማሪው ራሱን መቻሉን ማስረዳት አለበት። ጀርመን ከመስከረም 2024 ጀምሮ አበል ከሌለው ተማሪ ለአንድ ዓመት መኖሪያ 11,904 ዩሮ በተዘጋ ሒሳብ ተቀምጦ እንዲታይ ትጠይቃለች። ስለዚህ ክፍያ የሌለበት ትምህርት ቤት መግባት ኑሮውን የሚሸፍን አበል ካልታከለበት ለደሀ ልጅ በሩን ሙሉ በሙሉ አይከፍትለትም። «ዕድል አስገኝላችኋለሁ» እያለ ገንዘብ የሚቀበለውን ደላላ ደግሞ ከዚህ ሒሳብ ውጭ እናደርገዋለን፤ እውነተኛ ዕድል የሚሰጥ ወገን በደላላ እጅ ገንዘብ አይቀበልምና።

ሠ፤ ከእኛ ስለሚጠበቀው

ከላይ ከተዘረዘረው የምንረዳው፣ ትልቁን ወጪ የሚችል ከፋይ በውጭ እንደሚገኝ፣ ትንሹን ወጪ ግን ራሳችን ካልሸፈንነው ወደ ትልቁ መድረስ እንደማይቻል ነው። ይህ ትንሽ ወጪ ለአንድ ቤተ ሰብ ከባድ ቢሆንም ለሃያ ሰው ቀላል ነው። ዕቁብና ማኅበር በሚታወቅበት አገር ተማሪዎች በየወሩ ጥቂት ብር አዋጥተው ዕጣው ለአመልካች ጓደኛቸው ፓስፖርትና ፈተና እንዲውል ቢያደርጉ የቆሎ ተማሪን ያኖረውን ልማድ በአዲስ መልክ መቀጠል ይሆናል።

ሁለተኛው ሥራ መዝገብ ነው። በሰርግና በበዓል የሚሰማው የአካባቢው ዘፈን፣ እንጉርጉሮና መንዙማ ከነቅኝቱ፣ ከነባለቤቱ ስምና ፈቃድ፣ ከተቀረጸበት ቀንና ስፍራ ጋር ቢቀረጽ፣ ለዩኒቨርሲቲው የጥናት ሀብት፣ ለአመልካቹም ማስረጃ ይሆናል። የውጭ አገር ፈታኝ የማያውቀውን ሙዚቃ የሚመዝነው በተገለጸለት መጠን ነውና።

ሦስተኛው፣ እያንዳንዱ አመልካች ከመፈረሙ በፊት አራት ነገሮችን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ኑሮው ተካቷልን? ትኬቱ ተካቷልን? የትምህርት ዓይነት መለወጥ ይፈቀዳልን? ከፋዩ ቢያቋርጥ ማን ይተካል? መምህራኖቻችንም የድጋፍ ደብዳቤ ሲጽፉ የልጁን ጠባይ ከማመስገን አልፈው የሚጫወተውን መሣሪያ፣ የሚያውቀውን ቅኝትና የሠራውን ሥራ ለይተው ቢያመለክቱ፣ ደብዳቤው በፈታኞች ፊት የበለጠ ዋጋ ይኖረዋል። በዚህ ዓመት ለማመልከት የሚያስቡ ጓደኞቻችን ከአሁኑ ስማቸውን ቢያሳውቁ ዕቁቡንም ቀረጻውንም አብረን ለመጀመር እንችላለን።