ለቦምቦሊኖ ጠባሿ የጋራ ኩሽና፣ ለአርሶ አደሩ የቅርብ ገበያ

በሐዋሳ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ጠዋት ሻይ ያለ ቦምቦሊኖ ወይም ብስኩት እምብዛም አይጠጣም። ጎሕ ሳይቀድ በየሻይ ቤቱ የሚደርሰው ቦምቦሊኖ አብዛኛውን ጊዜ ከመኖሪያ ቤት ነው የሚወጣው። አንዲት እናት ሌሊት 10 ሰዓት ትነሳለች፤ ማታ ያቦካችውን ሊጥ ትድቦለቦላለች፤ ልጆቿ ከተኙበት ክፍል አጠገብ በከሰል ምድጃ ላይ ትጠብሳለች፤ ነግቶ ሰው ሥራ ሳይገባ ሸጣ ትጨርሳለች። ሥራው ይሸጣል፤ ግን አያድግም።

የማያድግበት ምክንያት የገዢ ማጣት አይደለም። ስብሰባና ሠርግ የማይጠፋባት ከተማ ናት። አንድ ሆቴል ለነገ ጠዋት 300 ቦምቦሊኖ ቢያዝዝ፣ በአንድ ከሰል ምድጃ ሊደርስ አይችልም። ቢደርስ እንኳ ሆቴሉ ደረሰኝ ይጠይቃል፤ ደረሰኝ ንግድ ፈቃድ ይፈልጋል፤ ምግብ ለማምረት የሚሰጥ ፈቃድ ደግሞ ንጹሕ ውኃ፣ መታጠቢያና ከመኖሪያ የተለየ ማምረቻ ቦታ ይፈልጋል። ቦታ ለመከራየት ገንዘብ ያስፈልጋል። ገንዘቡ የሚገኘው ደግሞ ከሆቴሉ ትእዛዝ ነበር። በዚህ ክብ ውስጥ ስንት ጥሩ እጅ ያላቸው ሴቶች ዓመታትን እንዳሳለፉ ሠፈሩ ያውቃል።

ይህ ጉዳይ የግብርና ገጽን የሚመለከተው በሌላ ምክንያት ነው። በ2015 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብር ወተት፣ እንቁላል፣ ዶሮና ማር ላይ ያተኮረ ነው። ሦስቱ፣ ማለትም ወተት፣ እንቁላልና ማር፣ ከፍራፍሬ ጋር በአንድ ድስት የሚገናኙት ጣፋጭ ምግብ ውስጥ ነው። ሆኖም ከቤት የምትሠራው ጠባሽ የምትገዛው ዱቄት፣ ስኳርና ዘይት ነው፤ ሁሉንም ከሱቅ። ማቀዝቀዣ ስለሌላት ወተት አትደፍርም። ፍራፍሬ የምታስቀምጥበት የላትም። ስለዚህ የከተማዋ የጣፋጭ ገበያ ቢሰፋም፣ የሐዌላ ቱላ፣ የሸበዲኖ ወይም የዳሌ አርሶ አደር ከዚያ የሚደርሰው ጥቂት ነው።

ለዚህ ክብ መፍቻ ከሚባሉት አንዱ የጋራ ኩሽና ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ምድጃው፣ ሊጥ ማቡኪያ ማሽኑ፣ ማቀዝቀዣውና መታጠቢያው የጋራ ይሆናሉ፤ አምራቿ የምትከፍለው ለተጠቀመችበት ሰዓት ብቻ ነው። ሥራው፣ ደንበኛውና ትርፉ የራሷ ይሆናሉ። በአሜሪካ ሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በ2005 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ላ ኮሲና የተባለ ድርጅት የሚሠራው በዚህ መንገድ ነው፤ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው፣ በተለይም ከሌላ አገር ለመጡ ሴቶች ኩሽናውን ከሥልጠናና ከገበያ ትስስር ጋር ያቀርባል።

ነገሩ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሲገነቡ እንጀራ መጋገሪያ፣ ልብስ ማጠቢያና እርድ ማረጃ የሚሆኑ የጋራ መገልገያ ቤቶች አብረው ተሠርተዋል፤ ነዋሪው በተለምዶ ኮሚናል የሚላቸው ናቸው። በአንዳንድ ቦታ መጋዘን ሆነው ቀርተዋል። በማኅበር ተደራጅተው በአንድ ሼድ በኤሌክትሪክ ምጣድ እንጀራ የሚጋግሩ ሴቶችም በየከተማው አሉ። ለጣፋጭ የሚሆነው ኩሽና ከዚህ የሚለየው በመሣሪያው እንጂ በመሠረቱ አይደለም።

ልዩነቱ ግን ቀላል አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ለጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት የሚሰጥ ሼድ ግድግዳና ጣራ ነው። ለብረታ ብረትም ለእንጨት ሥራም ለምግብም ያው ነው። ለምግብ ሲሆን የሚታጠብ ወለል፣ ለእጅና ለዕቃ የተለያየ መታጠቢያ፣ የጭስ መውጫ፣ ዘይትና ስብ ፍሳሽ መስመሩን እንዳይደፍን የሚያጠልል ጉድጓድ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ምድጃና ማቀዝቀዣ በአንድ ጊዜ የሚችል የኤሌክትሪክ መስመር ያስፈልገዋል። ሼዱ ተመርቆ ሪባን ከተቆረጠ በኋላ ለትራንስፎርመር ወራት ሲጠበቅ ያላየ የወረዳ ባለሙያ የለም። ሌላው ተጠቃሚው ነው። ሼድ ለአንድ ማኅበር ለዓመታት ሲሰጥ ያ ማኅበር ቀን ሠርቶ ሌሊት ይዘጋዋል። በሰዓት የሚከራይ ኩሽና ግን ሌሊት ለቦምቦሊኖ፣ ቀን ለኬክ፣ ከሰዓት ለባቅላቫና ለሙሽበክ ሊሠራ ይችላል። አንዱ ቤት ለ20 አምራች ይሆናል። ለዚህ ተራ የሚይዝ፣ ቁልፍ የሚጠብቅና ንጽሕና የሚቆጣጠር አንድ ቋሚ ሠራተኛ ይበቃል፤ እሱ ከሌለ ግን በመጀመሪያው ወር የዘይት ምጣድ ያላጠበው ማን ነው በሚል ጠብ ይፈርሳል።

የፈቃድ ነገርም በዚህ ይቀላል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ምግብ አምራች የደኅንነት መስፈርት እንዲያሟላ ያስገድዳል። ሃያ መኖሪያ ቤት ከመፈተሽ አንድ ኩሽና መፈተሽ ለተቆጣጣሪው ይቀላል፤ ለአምራቿም ብቻዋን የማትችለውን መስፈርት በጋራ ታሟላለች።

አርሶ አደሩ በዚህ ኩሽና በር የሚገባው በምንድን ነው? ወተትና እንቁላል ግልጽ ናቸው። ለዚህ አካባቢ ግን ከሁሉ የሚመቸው ስኳር ድንች ነው። የሐዋሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ካወጣቸው ዝርያዎች መካከል ኩልፎና ቱላ ውስጣቸው ብርቱካናማ ነው፤ ቀለሙን የሚሰጠው ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቤታ ካሮቲን ነው። ዓለም አቀፉ የድንች ማዕከል እንደሚገልጸው 125 ግራም ያህሉ ለአንድ ለትምህርት ላልደረሰ ሕፃን የቀን የቫይታሚን ኤ ፍላጎት ይበቃል። በ2016 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማት ከተሰጣቸው አራት ተመራማሪዎች ሦስቱ ሽልማቱን ያገኙት በዚሁ ስኳር ድንች ላይ በሠሩት ሥራ ነው።

አሠራሩ የቤት ነው። ስኳር ድንቹ በደንብ ይታጠባል፣ ከነልጣጩ ይቀቀላል ወይም በእንፋሎት ይበስላል፣ ይላጣል፣ እስኪልም ይፈጫል። ከዱቄቱ ከፊሉን ተክቶ ሊጥ ውስጥ ይገባል። እዚህ ላይ ጀማሪ የሚሳሳተው ውኃው ላይ ነው፤ የተፈጨው ስኳር ድንች ራሱ አብዛኛው ውኃ ስለሆነ እንደ ድሮው ውኃ ከተጨመረ ሊጡ ይቀጥናል፣ ሲጠበስም ዘይት ይጠጣል። ጣፋጭነት ስላለው ስኳርም ይቀነሳል። በጾም ወቅት ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ያለ እንቁላልና ያለ ወተት የተሠራ ቦምቦሊኖ ቶሎ ይደርቃል፣ ስኳር ድንች የገባበት ግን ልስላሴው ይቆያል። ፀሐይ ላይ አድርቆ ማስፈጨት ለማከማቸት ይመች እንደሆነ እንጂ ቀለሙንና ቫይታሚኑን ይቀንሰዋል፤ ቀቅሎ መፍጨት ይሻላል። የተፈጨው ግን በማቀዝቀዣ እንኳ ከጥቂት ቀናት በላይ አይቆይም። ያለ የጋራ ማቀዝቀዣ ይህ ሥራ የማይታሰበው ለዚህ ነው።

ይህን መንገድ ቀድሞ የሄደበት ጎረቤት አለ። በሩዋንዳ ሲና ጄራርድ የተባለ ሰው በ1983 እ.ኤ.አ. ኒይራንጋራማ በተባለች የመንገድ ዳር መንደር የሊጥ ጥብስ በመሸጥ ጀመረ፤ ከእኛው ቦምቦሊኖ የሚቀራረብ ነው። ቀጥሎ በዙሪያው ካሉ አርሶ አደሮች ፍራፍሬ እየገዛ ጭማቂ ማምረት ያዘ። አርሶ አደሮቹ ምን እንደሚተክሉ የወሰነው የእሱ ድስት ነበር ማለት ይቻላል። ዛሬ ድርጅቱ ትልቅ የምግብ ማቀነባበሪያ ነው፤ ከምርቶቹም አንዱ በብርቱካናማ ስኳር ድንች የተሠራ ብስኩት ነው። በኬንያም ዳቦ ቤቶች የዱቄታቸውን እስከ 40 በመቶ በተፈጨ ስኳር ድንች ተክተው ለሱፐርማርኬት አቅርበዋል።

ወደ ሐዋሳ ሲመለስ ሒሳቡ በልኩ መታየት አለበት። አንዲት አምራች በቀን 10 ኪሎ ዱቄት ትጠቀማለች እንበል። ሦስቱን ኪሎ በተፈጨ ስኳር ድንች ብትተካ በ26 የሥራ ቀን 78 ኪሎ ይሆናል፤ ልጣጩና ብላሹ ሲታሰብ ከማሳ አንድ ኩንታል ያህል ማለት ነው። በአንድ ኩሽና 20 አምራቾች ቢኖሩ በወር 20 ኩንታል፣ በዓመት 240 ኩንታል። በሔክታር 100 ኩንታል ቢገኝ ይህ የሁለት ሔክታር ተኩል ምርት እንኳ አይሞላም። ለክልል ዕቅድ የሚጻፍ ቁጥር አይደለም። ሩብ ሔክታር ለመደቡ አሥር አርሶ አደሮች ግን ዓመቱን ሙሉ የታወቀ ገዢ ነው፤ ስኳር ድንች በመኸር ሰሞን በአህያ ተጭኖ ገበያ ወጥቶ በረከሰ ዋጋ የሚጣል ሰብል መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ችግሩ ገዢዋ በየሳምንቱ መፈለጓ፣ ማሳው ደግሞ በአንድ ጊዜ መድረሱ ነው። ስኳር ድንች ከአፈር ሥር ለተወሰነ ጊዜ ሊቆይ ስለሚችል በየተራ መቆፈር ይቻላል፤ ነገር ግን በበጋ አፈሩ ሲሰነጠቅ ነቀዙ በስንጥቁ ገብቶ ሥሩን ያበላሻል። ስለዚህ ስንጥቁን አፈር ማልበስ፣ ካለፈው ዓመት ማሳ ራቅ አድርጎ መትከል፣ አሥሩ አርሶ አደሮችም በአንድ ቀን ሳይሆን በሳምንታት ልዩነት ቢተክሉ ይመረጣል። ይህንን የሚያቀናጀው የቀበሌው የልማት ሠራተኛ ነው፤ የኩሽናው ተራ ያዥ ስልክ ቁጥር በእጁ ሊኖር ይገባል።

ከዚያም በፊት የሐረጉ ጉዳይ አለ። ስኳር ድንች የሚተከለው በሐረግ ቁራጭ ነው፤ በበጋ ሐረግ ያላቆየ አርሶ አደር ዝናብ ሲጥል የሚተክለው አያገኝም። የጓሮ ውኃ ወይም ወንዝ አጠገብ ያለች ትንሽ መደብ ውኃ እየጠጣች ሐረጉን ታሻግራለች። ለበልግ ተከላ የሚሆነው ሐረግ መቆየት ያለበት ከኅዳር ጀምሮ ነው። የአዲስ ከተማ አምራቾች ለመጪው ዓመት ምን ያህል እንደሚፈልጉ የሚገልጸው ወረቀትም ቢሆን ከዚያ በፊት ሐዌላ ቱላ መድረስ ይኖርበታል።