ስለ ዐረብ አገር ጕዞ ዕዳና ስለ እናቶች ኀዘን

ገንዘብ ለማግኘት መድከም የሚነቀፍ ነገር አይደለም። ገበሬው በበሬው፥ ነጋዴው በአህያው፥ ሸማኔውም በመወርወሪያው ሲደክም የኖረው ልጆቹን በአንድ ማዕድ ሰብስቦ ለማብላት ነው። ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ግን በወሎ፥ በራያ፥ በጅማና በሌላውም አገር ብዙ መንደሮች የገባው የትርፍ ዘዴ ነገሩን ገልብጦታል፤ ልጅ ከማዕዱ ተነሥቶ ባሕር ሲሻገር ነው ገንዘብ ይመጣል የሚባለው።

ይህን ዘዴ ወደ ቤት የሚያስገባው ደላላ አብዛኛውን ጊዜ ባዕድ አይደለም፤ የመንደሩ ልጅ ወይም የጎረቤት አማች ነው። ቡና ሊጠጣ ገብቶ በማዶ የሚታየውን አዲስ የቆርቆሮ ቤት ያሳያል፤ የዚያ ቤት ልጅ ከጅዳ ወይም ከሪያድ በላከችው ገንዘብ እንደ ተሠራም ይናገራል። ይህም ሐሰት አይደለም፤ በእውነት የተሠራ ቤት፥ የተማረ ወንድም፥ የታከመ አባት አለ። የሚሰውረው ያልተሠራውን ቤት ነው። ከዚህ በኋላ ቤተ ሰቡ መሰናዶ ይጀምራል፤ በሬው ይሸጣል፥ ማሳው በወለድ አገድ ይያዛል፥ እናትየዋ እቁብተኞቹን ለምና የሌላውን ዕጣ ቀድማ ትወስዳለች፥ የጐደለውም በአራጣ ይሞላል። ምንም የሌለውን ቤተ ሰብ ደግሞ ደላላው «አሁን ትሂድ፥ በኋላ ይከፈላል» ይለዋል። ከሁሉ የከፋው ይህ ነው፤ ልጅቱ በአፋር በረሃ አቋርጣ ወደ ኦቦክ ወርዳ፥ በጀልባ ተሻግራ የመን ስትደርስ አጋቾች ይይዟትና እየደበደቡ ለቅሶዋን በስልክ ለእናቷ ያሰማሉ፤ ዋጋውም ያን ጊዜ ይነገራል። በገበያ ቀን ነጠላ ዘርግቶ፥ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ወደ መስጊድ ደጅ እየዞሩ የልጅ መዋጃ መለመን ከዚህ የመጣ ነው።

መጽሐፈ ጦቢትን ያነበበ ሰው የጦብያን እናት የሐናን ነገር ያስታውሳል። ጦቢት በሜዶን አገር በአደራ ያኖረውን ዐሥር መክሊት ብር እንዲያመጣ ልጁን በላከ ጊዜ፥ ሐና ከልጅዋ ይልቅ ገንዘቡ ቢቀር መርጣ አለቀሰች፤ ቀኑም ባለፈ ጊዜ የሄደበትን መንገድ ዕለት ዕለት ወጥታ ትመለከት ነበር። የዛሬዪቱ እናት ኀዘን ግን ከሐና ኀዘን ሳይበልጥ አይቀርም። ሐና ባልዋን ለመውቀስ ትችል ነበር፤ ባታውቀውም ልጅዋን መልአክ ይመራው ነበር። ይህችኛዪቱ ግን በሬውን ራስዋ ጐትታ ገበያ ስላወጣች የምትወቅሰው የላትም። ልጅቱ በስልክ «እማዬ፥ ልምጣ» ብላ ስታለቅስ፥ እናት ነይ ለማለት አፍዋን ትከፍትና ዕዳውን ታስታውሳለች፤ አራጣው አልተከፈለም፥ ማሳው በሰው እጅ ነው። ስለዚህ «ጥቂት ታገሺ ልጄ» ትላትና ስልኩ ሲዘጋ ምጣዱ አጠገብ ተቀምጣ ታለቅሳለች። ከባሕሩ ይልቅ እናትን ከልጅዋ ለይቶ የሚያቆየው ይህ ዕዳ ነው።

ነገሩ የጥቂት ቤት ነገር አለመሆኑ በ2006 ዓ.ም. ታይቷል። ከዚያ ዓመት ከኅዳር ወር ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ 160 ሺህ ያህል ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዐረቢያ ሲመለሱ፥ ከእነርሱ ብዙዎቹ ዕዳቸውን ሳይከፍሉ የመጡ ነበሩ። መንግሥት በጥቅምት 2006 ዓ.ም. ለሥራ የሚደረገውን ጕዞ አግዶ በ2010 ዓ.ም. እገዳውን አነሣ፤ የደላላው መንገድ ግን በእገዳውም ጊዜ አልተዘጋም ነበር። በ2016 ዓ.ም. በጅቡቲ ጠረፍ በጐዶሪያ አጠገብ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠዋል፤ በመጀመሪያው ብቻ 38 ሰዎች ሞተዋል።

በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር የሥራ ስምሪት አዋጅ ቍጥር 923 በመንደር ብዙ ሰው ያልሰማውን ነገር ይዟል። የመግቢያ ቪዛውን፥ የደርሶ መልስ መጓጓዣውንና የመኖሪያ ፈቃዱን ወጪ የሚከፍለው አሠሪው እንዲሆን ደንግጓል፤ በሠራተኛዪቱ ላይ የተጣለው እንደ ፓስፖርት፥ እንደ ሕክምና ምርመራና እንደ ክትባት ያለ ጥቂት ወጪ ነው። እንግዲህ ለጕዞ በሬ ሽጡ፥ ማሳ አስይዙ የሚል ሰው ገና ከአፉ ሲናገር ከአዋጁ ውጭ እንደ ሆነ ይታወቃል።

ይህን ለማወቅ ሸንጎ መቀመጥ አያሻም። የወለድ አገድ ውል ለመመስከር የሚጠሩ ሽማግሌዎች አሉ፤ ገንዘቡ ለምን እንደ ተፈለገ ቢጠይቁ ነውር አይሆንባቸውም። የቀበሌው ጸሓፊ ለመታወቂያ የመጣችውን ልጅ ዕድሜ ዐሥራ ስምንት አድርግልን ሲሉት፥ ያጠመቃት ቄስ የተወለደችበትን ዘመን ያውቃል፤ በእስላሙም ቤት ሼኹ ያውቃል። የነፍስ አባትም ምስጢሩን ከማንም አስቀድሞ ሳይሰማ አይቀርም። ጊዜው ግን በሬው ገና በበረት ሳለ ነው፤ ልጅቱ ሎጊያን ካለፈች በኋላ እናትየዋ የምትጠብቀው የደላላውን ስልክ ብቻ ነው።