ብድር ከመፈረም በፊት፦ ለሐይቅና ለአምባሰል ተጎጂ

በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት በውጫሌና በሐይቅ አልፎ ደሴና ኮምቦልቻ ደረሰ። ሸሽቶ የተመለሰው ሰው ብዙውን ጊዜ የጠበቀው ባዶ ጎተራ ወይም የተዘረፈ ሱቅ ነው። በደቡብ ወሎ ቆላዎች ደግሞ ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ አንበጣ ሰብል በልቶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ «መንግሥት ገንዘብ ሊሰጥ ነው» የሚለው ወሬ ከዝናብ ይፈጥናል። የሚሰጠውና የሚበደረው ግን ለየቅል ነው።

በ2014 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለግጭት ተጎጂ አካባቢዎች ያጸደቀው 300 ሚሊዮን ዶላር ስጦታ ነበር። ዓላማው መሠረታዊ አገልግሎቶችን መልሶ ማቋቋም ነው እንጂ ለእያንዳንዱ ሰው በእጁ የሚሰጥ ገንዘብ አይደለም። ቀለብና ሴፍቲኔት የሚገኘው በቀበሌ በኩል ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ጉዳትን በቀበሌ ማስመዝገብና ማስረጃውን በጽሑፍ መያዝ ነው።

ብድር ግን የሚገኘው ከአበዳሪ ተቋም ነው። በአካባቢው በሰፊው የሚታወቀው የቀድሞው አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም)፣ የዛሬው ጸደይ ባንክ ነው። የክልሉ መንግሥት ባለድርሻ ስለሆነ ብዙዎች «የመንግሥት ብድር» ይሉታል፤ ሳይከፍሉት የሚቀር ገንዘብ ግን አይደለም። ወለድ የማይፈልግ ሰው ስለ ሙራባሃ ይጠይቅ፤ ባንኩ በሬውን ወይም ዕቃውን ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በዱቤ ይሸጥለታል።

መያዣ የሌለው ገበሬ የሚበደረው በቡድን ዋስትና ነው። የአንዱ በሬ ቢሞት ሌሎቹ ይከፍሉለታል። ዘዴው ብዙ ድሃ አሻግሯል፤ ድክመቱ የሚታየው እንዲህ ባለ አደጋ ነው። አንበጣ የአንዱን ማሳ መርጦ አይበላም፤ ተበዳሪና ዋስ በአንድ ቀን ባዶ እጃቸውን ይቀራሉ። ቡድን ሲመሠረት ብዙውን ጊዜ የሚታየው መተማመን ነው፤ በእኔ እምነት ገቢያቸውም መለያየት አለበት። አንዱ መስኖ ቢኖረው፣ ሌላው ቢነግድ፣ ሦስተኛው ከብት ቢያደልብ ክፉ ቀን ሁሉንም በአንዴ አይጥልም።

መሬትም መያዣ ይሆናል። የ2016ቱ የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ የመጠቀም መብትን ማስያዝ ይፈቅዳል፤ መሬቱ ራሱ አይሸጥም። ባልና ሚስት በጋራ የያዙት ከሆነ ሁለቱም ውሉን ሰምተው፣ ተስማምተው ይፈርሙ። መያዣ ምን ያህል እንደሚከብድ ከአካባቢው ታሪክም ይታያል፤ የአምባሰሏ ውጫሌ ስሟ የገነነበትን፣ ከጣሊያን ጋር የተፈረመውን የ1881 ዓ.ም. ውል ተከትሎ በ1882 ለአፄ ምኒልክ የተሰጠው የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር መያዣው የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ዕዳውን ከፍለው ተገላገሉ፤ ሳይከፍሉ ቢቀሩ ሊያጡት የነበረው ግን ቀላል አልነበረም።

የመክፈያው ቀን ከወለዱ እኩል ያሳስባል። ክፍያው በመኸር አጨዳ ማግሥት ከዋለ ሁሉም እህሉን በአንድ ገበያ ያወጣና ዋጋው ይወድቃል። ሲፈራረሙ ጥቂት ወራት ወደፊት እንዲገፋ መጠየቅ ነውር የለውም። ገንዘቡም ዘርና በሬ፣ የሚደልብ በግ ወይም የሱቅ ዕቃ ይግዛ፤ ለቀለብ ከዋለ በዓመቱ ዕዳው ብቻ ይተርፋል።

አደጋው የደረሰው ሰው ቀድሞም ዕዳ ካለበት ከአዲስ ብድር በፊት ወደ አበዳሪው ይሂድ፤ ቀኑ ከማለፉ በፊት፣ የቀበሌውን የጉዳት ማስረጃ ይዞ የጊዜ ማራዘሚያ በጽሑፍ ይጠይቅ። ያመለከተበትን ቅጂ ቀኑን አስጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ እጁ ላይ ያስቀር፤ ዋሶቹም አንድ አንድ ቅጂ ይያዙ።