ያውቁ ኖሯል? ከድርሻ በላይ የሚከሰሱት



● በእስራኤል ቤተ እስራኤላውያን ከሕዝቡ 2 በመቶ አይሞሉም። እ.ኤ.አ. በ2016 በኤሚ ፓልሞር የተመራው የመንግሥት ኮሚቴ ግን ክስ የሚመሠረትባቸው ከድርሻቸው እጥፍ፣ ታዳጊዎቹ ደግሞ አራት እጥፍ ያህል ሆነው አገኛቸው። 53 ምክረ ሐሳቦችም አቀረበ።

● እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2021 የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት፣ «ጠበቃ» የተባለው የቤተ እስራኤላውያን ድርጅትና ሌሎች ባቀረቡት አቤቱታ፣ ፖሊስ ያለ በቂ ጥርጣሬ መታወቂያ እንዲጠይቅ የሚፈቅደውን መመሪያ ሻረ።

● እናም በአሽዶድ ከተማ፣ በሮቫ ዳሌት ሰፈር መንገድ ላይ ፖሊስ ያስቆመው ወጣት «በምን ጠርጥረውኝ ነው?» ብሎ መጠየቁ ድፍረት ሳይሆን መብቱ ነው።