አታሪ ጃጓርና ወዳጆቹ

አታሪ ጃጓር የአሜሪካው አታሪ ኮርፖሬሽን በኖቬምበር 1993 በኒው ዮርክና በሳን ፍራንሲስኮ ለሽያጭ ያቀረበው፣ ከቴሌቪዥን ጋር ተያይዞ የሚሠራ የቪዲዮ ጌም ኮንሶል ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስሙ የተወሰደው በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ ደኖች ከሚኖረው ነብር መሰል አውሬ ሲሆን፣ ኩባንያው ከእርሱ በፊት ጀምሮ በ1991 የተወው ሌላ ኮንሶልም ፓንተር ይባል ነበር። ኩባንያው በራሱ የሒሳብ ሪፖርት እንደገለጸው እስከ 1995 መጨረሻ ድረስ የሸጠው ወደ 125,000 ገደማ ብቻ ነው፤ 100,000 የሚያህለው ደግሞ ገዥ አጥቶ በመጋዘን ተከማችቶ ነበር። ተፎካካሪዎቹ በሚሊዮኖች ይሸጡ በነበረበት ዘመን ይህ ከኪሳራ ሌላ ስም የለውም። ይሁን እንጂ ዛሬም ለጃጓር አዳዲስ ጌሞች ይጻፋሉ፤ የተበላሸው ይጠገናል፤ ወዳጆቹም ከአገር አገር ተጉዘው ይገናኛሉ። የእነዚህን ሰዎች ሥራ ለመረዳት ግን አስቀድሞ መሣሪያውን ራሱን ማወቅ ያስፈልጋል።

የጃጓርን ንድፍ ያወጡት በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ይሠሩ የነበሩት የፍሌር ቴክኖሎጂ መሐንዲሶች ማርቲን ብሬናንና ጆን ማቲሰን ሲሆኑ፣ የመገጣጠሙን ሥራ የያዘው በሰሜን ካሮላይና ቻርሎት የሚገኘው የአይቢኤም ፋብሪካ ነበር። በሰርኪት ቦርዱ ላይ፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎቹ ሁሉ በተበየዱበት ጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ፣ ሥራውን የሚከፋፈሉት ሦስት ዋና ቺፖች ናቸው፤ ከእነርሱም ሁለቱ በዝነኛው የድመትና የአይጥ ካርቱን ስም ቶምና ጄሪ ተብለዋል። ቶም ሥዕሉን፣ ጄሪ ደግሞ በተለይ ድምፁን ሲይዙ፣ ሦስተኛው፣ ሞቶሮላ የሠራውና 68000 የሚባለው ፕሮሰሰር፣ በንድፉ ሐሳብ የጆይስቲኩን ትእዛዝ እየተቀበለ ሁለቱን የሚያስተባብር አለቃ እንጂ ከባዱን ሸክም የሚሸከም አልነበረም።

አታሪ መሣሪያውን ያስተዋወቀው ባለ 64 ቢት የመጀመሪያው ኮንሶል ነው በማለት ነበር። ቢት ማለት 0 ወይም 1 ብቻ ሊሆን የሚችል የመጨረሻው ትንሹ የመረጃ ቅንጣት ሲሆን፣ የአንድ መሣሪያ የቢት ቁጥር የሚባለው በአንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅሳቸውን ቅንጣቶች ብዛት የሚያመለክት ነው፤ ማስታወቂያዎቹም 64ን ከተፎካካሪዎቹ 16ና 32 ጋር እያነጻጸሩ ገዥው ራሱ ሒሳቡን እንዲሠራ ይጋብዙ ነበር። ቁጥሩ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም፤ የመረጃው መተላለፊያና በቶም ውስጥ ያሉ አንዳንድ ክፍሎች በእርግጥ ባለ 64 ቢት ናቸውና። ነገር ግን ትእዛዝ የሚፈጽሙት ሁለቱ የቶምና የጄሪ ፕሮሰሰሮች ባለ 32 ቢት ስለሆኑ ክርክሩ እስካሁን አልበረደም፤ ክርክሩም ከቢት ቁጥር ይልቅ ጌሞቹን የጎዳቸውን ችግር ሸፍኖታል።

ችግሩ ለጃጓር ፕሮግራም መጻፍ እጅግ አድካሚ መሆኑ ነው። የቶም ፕሮሰሰር ለብቻው የተሰጠው ሜሞሪ 4 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ይህም ሁለት ገጽ ያህል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከሚይዝ ቦታ አይበልጥም። መሣሪያው ከዚህ ሌላ 2 ሜጋባይት ዋና ሜሞሪ ቢኖረውም በቺፑ ስሕተት ምክንያት ፕሮሰሰሩ ከዚያ ላይ ኮድ እያነበበ በአስተማማኝ ሁኔታ መሥራት ስለማይችል፣ የአታሪ መመሪያም ይህን እንዳይሞክሩ ያስጠነቅቅ ስለነበር፣ ፕሮግራመሮች ኮዱን በትንንሽ ቁራጭ እየከፋፈሉ ማመላለስ ግድ ሆነባቸው። ጊዜ ያጠራቸው ብዙዎቹም ይህን ትተው የለመዱትን 68000 ዋና ሠራተኛ አደረጉት፤ ስለዚህም ገዥው 64 ቢት ተብሎ የገዛው ኮንሶል በርካታ ጌሞች ላይ በ16 ቢት መሣሪያ ከሚታየው ብዙም ያልራቀ ነገር አሳየው። ጄፍ ሚንተር የሠራው ቴምፔስት 2000 እና ሬቤሊየን የሠራው ኤሊየን ቨርሰስ ፕሬዳተር፣ ሁለቱም በ1994 የወጡት፣ መሣሪያው በሚገባው ሰው እጅ ሲገባ ምን ማድረግ እንደሚችል የሚመሰክሩ ሥራዎች ናቸው፤ ይሁንና ቁጥራቸው አነሰ።

ቀሪው ታሪክ አጭር ነው። በ1995 የሶኒ ፕሌይስቴሽን አሜሪካ ገባ፤ አታሪ በዚያው ዓመት ያወጣው ተጨማሪ የሲዲ ማጫወቻም አላዳነውም፤ በ1996 ኩባንያው ጄቲኤስ ከተባለ የሐርድ ዲስክ አምራች ጋር ተዋሐደ፤ በ1998 ደግሞ የአታሪ ስምና ንብረት ለሃስብሮ ኢንተራክቲቭ ተሸጠ።

ወዳጆቹ በዚያን ጊዜ የቀራቸው መሣሪያ የተቆለፈ ነበር። የጃጓር ጌም የሚሸጠው በካርትሪጅ፣ ማለትም ጌሙን የያዘ ሜሞሪ በውስጡ ባለበትና ከኮንሶሉ አናት ላይ በሚሰካ የፕላስቲክ ዕቃ ሲሆን፣ መሣሪያው ሲበራ ካርትሪጁ የአታሪን የምስጠራ ፊርማ መያዙን መርምሮ ከሌለው አያስነሣውም። ጌም ለመሸጥም የአታሪ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፤ ፈቃድ ሰጪው ግን የለም። ይህ የሕግ እንቅፋት የተነሣው በሜይ 1999 ሲሆን፣ ሃስብሮ በጃጓር ላይ የነበረውን መብት ለሕዝብ መልቀቁንና ማንም ያለ ፈቃድና ያለ ክፍያ ለመሣሪያው ጌም ሠርቶ መሸጥ እንደሚችል አስታወቀ። ቀድሞ የታተሙት ጌሞች በባለቤቶቻቸው እጅ እንደቀሩ ነው፤ የተለቀቀው መሣሪያው ነው። በጃጓር ታሪክ ውስጥ ከተወሰኑት የንግድ ውሳኔዎች ሁሉ ይህ የላቀው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ለሰጪው አንዲት ሳንቲም ያላስወጣ፣ ለተቀባዮቹ ግን የዕድሜ ልክ ሥራ የከፈተ ነውና።

ከዚያ በኋላ የተሠራው ሥራ በመልኩ ብዙ ነው። ሚኔሶታ ውስጥ የተቋቋመው ሶንግበርድ ፕሮዳክሽንስ አታሪ ሲወድቅ ለገበያ ሳይበቁ የቀሩ ጌሞችን መብት ከሠሪዎቻቸው እየገዛ ለተጫዋቾች አብቅቷል፤ በሬቤሊየን የተጀመረው ስካይሀመር በ2000 የወጣው በዚህ መንገድ ነው። በዚያው ዓመት የወጣውና ጃጓሮችን በገመድ አያይዞ ብዙ ሰው የሚያጫውተው የጠፈር ውጊያ ጌም ባትልስፊር ደግሞ፣ ሠሪዎቹ በትርፍ ጊዜያቸው ለዓመታት የደከሙበት ሲሆን ገቢውን ለስኳር በሽታ ምርምር እንዲውል ሰጥተውታል። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በዓይን የማይታየው ሥራ ነው፦ አታሪ ራሱ አይቻልም ብሎ ያስጠነቀቀውን፣ የቶምን ፕሮሰሰር ከዋናው ሜሞሪ ላይ ማሠራትን፣ ወዳጆቹ እየሞከሩና እየከሸፈባቸው፣ ትእዛዞቹ በየትኛው አድራሻ ላይ ቢያርፉ ስሕተቱ እንደማይነሣ ለይተው ደንቡን ጽፈው ለሌሎች አካፈሉ። ደመወዝ የሚከፈላቸው መሐንዲሶች ጊዜ ያጡለትን ጥያቄ ማንም ያላዘዛቸው ሰዎች መለሱት።

የጥገናውም ሥራ የዚያኑ ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል። የጃጓር ጆይስቲክ 17 ቁልፎች ያሉት ሲሆን፣ ከእነርሱ 12ቱ እንደ ስልክ ቁጥሮች ተደርድረው በላያቸው ለየጌሙ የተዘጋጀ፣ የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚያደርግ በሥዕል የሚያሳይ ስስ ፕላስቲክ ይንሸራተትባቸዋል፤ ይህ ፕላስቲክ ቶሎ ስለሚጠፋ ወዳጆቹ ያገኙትን በስካነር እያነሡ መልሰው ያትሙታል። ኮንሶሉ የሚጠይቀው 9 ቮልት ሆኖ ኔጋቲቩ በሶኬቱ መሐል ስለሆነ፣ የሌላ መሣሪያ ቻርጀር የተሰካበት ጃጓር ብዙ ጊዜ ተቃጥሎ ይገኛል፤ ጠጋኙም ቀፎውን ፈቶ፣ የተቃጠለውን ዕቃ በካውያ አንሥቶ አዲስ ይበይድለታል። የሲዲ ማጫወቻው ግን ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ጀምሮ በብልሽት የታወቀ በመሆኑ በደህና የሚሠራው እጅግ ውድ ነው።

የቀፎው ሞልድም፣ ማለትም ፕላስቲኩ ቀልጦ የሚፈስበት የብረት ቅርጽ ማውጫ፣ የራሱ ታሪክ አለው። ሞልዱን ከአታሪ ውድቀት በኋላ የገዛው ኢማጂን የተባለ የጥርስ ሕክምና መሣሪያ አምራች ሲሆን፣ የጥርስ ሐኪሞች ለሚጠቀሙበት ካሜራ ማቀፊያ አድርጎ የጃጓርን ቀፎ በጥቂቱ ብቻ ለውጦ አምርቶበታል። በዚህም የተነሣ ጃጓር በልጆች ክፍል ያላገኘውን ቦታ በጥርስ ክሊኒክ ጠረጴዛ ላይ አገኘ፤ ሞልዱም ኋላ ላይ አዲስ ኮንሶል እንሠራለን ላሉ ሰዎች ተሸጠ፤ ያ ኮንሶል ግን ሳይወለድ ቀረ።

ወዳጆቹ የሚገናኙባቸው ጃግፌስት የተባሉ ስብሰባዎች በአሜሪካ ተጀምረው ወደ አውሮፓም ተስፋፍተዋል፤ በጀርመን የሚካሄደው ኢ-ጃግፌስት የሚባል ሲሆን፣ አዳዲስ ጌሞች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታዩት ብዙ ጊዜ እንዲህ ባሉ አዳራሾች ነው። አታሪ ጃጓርን በእጁ የያዘው ከ1993 እስከ 1996 ድረስ፣ ከሦስት ዓመት ላነሰ ጊዜ ነው። ወዳጆቹ ግን ከ1999 ወዲህ ብቻ ቢቆጠር እንኳ ሩብ ምዕተ ዓመት ይዘውታል።